አሮጌ የጃፓን ጎራዴ እንዴት ገዛሁ

የጃፓን ጎራዴ ገዛሁ ስል ሰው ቀድሞ የሚጠይቀኝ «ይቆርጣል?» ብሎ ነው። አዎ፣ ይቆርጣል። እኔ የፈለግኩት ግን ብረቱን ነው። የዛሬ አምስት መቶ ዓመት አካባቢ አንድ ቀጥቃጭ በወናፍና በከሰል የሠራውን ብረት ቤቴ ቁጭ ብዬ ማየት አማረኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ኪሴ ደግሞ የከበርቴ ኪስ አይደለም። ስለዚህ ረጅሙን ካታና ትቼ ዋኪዛሺ ላይ አተኮርኩ።

ካታና የሚባለው ርዝመቱ ከ60.6 ሳንቲ ሜትር የሚበልጠው ነው። ዋኪዛሺ ከ30.3 እስከ 60.6 ነው። በኤዶ ዘመን፣ ከ17ኛው እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ማለት ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ መታጠቅ የሳሙራይ መብት ነበር። ዋኪዛሺ ብቻውን ግን ነጋዴውም ይታጠቀው ነበር። ስለዚህ ብዙ ተሠርቷል፣ ብዙም ተርፏል። ሰብሳቢው ካታና ካታና ስለሚል የዋኪዛሺ ዋጋ ይቀላል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም ባይ ነኝ።

ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ዓይኔን ማሠልጠን ነበረብኝ። ለዚህ ፎቶ አይረባም። ቶኪዮ ስሄድ መጀመሪያ የገባሁት ሪዮጎኩ አካባቢ ያለው የጎራዴ ሙዚየም ነው። እዚያ ጎብኚው ሁሉ መስታወቱ ፊት ጎንበስ ቀና ሲል ታያላችሁ። ስግደት አይደለም፤ መብራቱ ብረቱ ላይ በደንብ የሚያርፍበትን ቦታ ፍለጋ ነው።

የሚፈለገው ብረቱ ላይ ያለው፣ ሀሞን የሚባለው መስመር ነው። አፈጣጠሩ እንዲህ ነው። ብረቱ፣ ታማሃጋኔ የሚሉት፣ ታታራ በሚባል የሸክላ ምድጃ ውስጥ ከብረት አሸዋና ከከሰል ይወጣል። ታታራ ዛሬም በሺማኔ ግዛት፣ ኦኩኢዙሞ ውስጥ በብርዱ ወራት ይነድዳል። ቀጥቃጩ ብረቱን እየቀጠቀጠ ደጋግሞ ያጥፈዋል። አሥር ጊዜ ከታጠፈ ከሺህ በላይ ንብርብር ይኖረዋል። ከዚያ ጀርባውን ወፍራም፣ ስለቱን ስስ ጭቃ ይቀባዋል። አግሎ ውኃ ውስጥ ሲነክረው ስስ የተቀባው ስለት ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፤ ጀርባው ለስለስ ብሎ ይቀራል። በሁለቱ መካከል የሚታየው ነጣ ያለ ድንበር ሀሞን ነው። በአንድ አምፖል ብርሃን ስታዩት ጉም ይመስላል፣ ውስጡም ደቃቅ ብልጭልጭታ አለ። በአሲድ የተሠራው የውሸቱ ግን ከየትም ብታዩት ያው ነጭ መስመር ነው።

ሱቅ ስገባ ሥርዓቱን አስቀድሜ አውቄው ነበር፤ ይህም ጠቀመኝ። ጎራዴው ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ ነው ከአፎቱ የሚመዘዘው። ብረቱ በባዶ እጅ አይነካም፤ የጣት ላብ ዝገት ይሆናል። ብረቱ ላይ አጎንብሶ ወሬም የለም፤ ምራቅ እንዳይፈናጠር። ይህን የሚያውቅ እንግዳ ሲመጣ ባለሱቁ ጓዳ ያስቀመጠውንም ያወጣል።

ቅርጹንና ሀሞኑን ካየሁ በኋላ እጀታው እንዲወልቅ ጠየቅኩ። የሚይዘው መኩጊ የምትባል አንዲት የቀርከሃ ችንካር ናት። ሲወልቅ ናካጎ ይታያል፤ እጀታ ውስጥ የሚገባው፣ የማይወለወለው ክፍል። የጎራዴ ዕድሜ የሚነበበው እዚያ ነው። የጥንቱ ዝገት ጠቆር ያለ ቡናማና የሰከነ ነው። ቀላ ብሎ ጣት ላይ የሚቀር ከሆነ የቅርብ ነው። ጸድቶ ካበራ ደግሞ ማስረጃው ጠፍቷል ማለት ነው። ያንን ዝገት «ላጽዳልህ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጎራዴያችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የቀጥቃጩ ፊርማም የሚቀረጸው ናካጎ ላይ ነው። የውሸት ፊርማ ሞልቷል። ናጋሶኔ ኮቴትሱን የመሰለ ታዋቂ ስም ርካሽ ጎራዴ ላይ ሳይ እኔ ወዲያው እመልሰዋለሁ። የመረጥኩት ሱከሳዳ የሚል ነበር፤ የቢዘን ግዛት፣ የኦሳፉኔ መንደር ሥራ። ይህን ስም በ16ኛው መቶ ዘመን በርካታ ቀጥቃጮች ተጠቅመውበታል። ጦርነቱ ስለበዛ መንደሩ ጎራዴ በገፍ ያመርት ነበር። የቀጥቃጩ የግል ስም የተጨመረበት ብዙውን ጊዜ በትዕዛዝ የተሠራ ነው፣ ውድም ነው። የእኔው አጭሩ ፊርማ ነው፤ ተራ ወታደር የሚታጠቀው ዓይነት። ደስ ያለኝም ለዚህ ነው። ስሙ ስለማያስጎመጅ ዋጋው የብረቱ ነው።

ወረቀቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጃፓን ውስጥ እያንዳንዱ ጎራዴ ቶሮኩሾ የሚባል የምዝገባ ካርድ አለው፤ የሚሰጠው የየግዛቱ የትምህርት ቦርድ ነው። ካርዱ ርዝመቱንና የተቀረጸውን ፊርማ ይጽፋል እንጂ «ፊርማው እውነተኛ ነው» አይልም። ያንን የሚመረምረው በ1948 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጥበባዊ ጎራዴዎች ጥበቃ ማኅበር ነው። የመጀመሪያ ደረጃው ወረቀት ሆዞን ይባላል፤ በላዩ ቶኩበጹ ሆዞን፣ ከዚያ ጁዮ እያለ ይቀጥላል። እኔ ሆዞን የሌለውን ላለመግዛት ወስኜ ነበር። ያለ ወረቀት የሚገዙት ዓይናቸው ከእኔ የበሰለ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ጌጡ፣ ማለትም ወደ እጀታው፣ ወደ አፎቱና ወደ እጅ መከላከያው። ጀማሪ ሆኜ የገረመኝ ብረቱና ጌጡ ዕድሜያቸው አለመገናኘቱ ነው። ብረቱ የ16ኛው መቶ ዘመን፣ ጌጡ የ19ኛው። ሲያረጅ ወይም ፋሽኑ ሲያልፍ ይቀየር ነበር። ስለዚህ ለየብቻ አይቼ ለየብቻ ነው የተመንኩት። ጹባው፣ የእጅ መከላከያው ማለት ነው፣ ጌጥ ያልበዛበት ብረት ነው። እጀታው ላይ በክሩ ሥር የሚታዩት ትንንሽ ጌጦች፣ መኑኪዎች፣ ሻኩዶ ናቸው። ሻኩዶ መዳብ ነው፤ ጥቂት ወርቅ ይገባበትና በመድኃኒት ሲቀቀል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ይሆናል። በብረት ማጽጃ ብታሹት ጥቁሩ ይለቃል። የኛ ሰው ነሐስ ሲያይ ማሸት ይወዳልና እንግዳ ሲመጣ እኔ አጠገቡ አልጠፋም።

እነዚህን የሚሠሩት አንጥረኞች በ1876 እ.ኤ.አ. ጎራዴ መታጠቅ ሲከለከል ገበያቸው ደረቀ። ትልቁ ባለሙያ ካኖ ናትሱኦ ለሜጂ መንግሥት የሳንቲም ንድፍ ሠርቷል። ጹባ ብቻ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ አልፈርድባቸውም። መዳፍ ላይ ይቀመጣል፣ ዋጋውም የብዙ ሰው አቅም ይችለዋል።

ከፍዬ ይዤው አልወጣሁም። ጎራዴ ከጃፓን የሚወጣው የባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ ሲፈቅድ ነው፤ ይህ ሳምንታት ይፈጃል። ባለሱቁ ጨርሶ በፖስታ ላከልኝ፤ ዕድሜውን የሚገልጸው ሰነድ ከጥቅሉ ጋር ነበር። ከመግዛታችሁ በፊት የምትኖሩበትን አገር ሕግ እዩ። ለምሳሌ ብሪታኒያ ከ50 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ ቆልማማ ጎራዴን ትከለክላለች፤ በባህላዊ መንገድ በእጅ የተሠራውን ግን ትፈቅዳለች።

ብረቱ አሁን የሚያርፈው ሺራሳያ ውስጥ ነው፤ ቀለም ያልተቀባ የእንጨት አፎት። ጌጡን አንድ ላይ የሚይዘው በብረቱ ልክ የተጠረበ እንጨት ነው። አልፎ አልፎ የድሮውን ዘይት ጠርጌ አዲስ እቀባለሁ። ዘይቱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። የማላደርገው አንድ ነገር ብረቱን በድንጋይ መወልወል ነው። እሱ ዓመታት የተማረ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ዋጋው እንደኔ ካለው ዋኪዛሺ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ባለሱቁ አሁን ያለው ውልወላ በቂ ነው ብሎኛል። የተረፈኝን ገንዘብ ለጹባ አስቀምጬዋለሁ።