ምሬቱን እንደ መድኃኒት የጠጣሁት የተልባ ዘይት

ዓሣ ስለማይስማማኝ ኦሜጋ 3ን ከተልባ ለማግኘት ወሰንሁ። ሰውነታችን የግድ እያስፈለጉት ራሱ ሊሠራቸው የማይችል ሁለት የስብ አሲዶች አሉ፤ እነሱም ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው ኦሜጋ 6 እና አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ የተባለው ኦሜጋ 3 ናቸው። ጆርጅ እና ሚልድሬድ በር የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1929 ስብ የሌለበት መኖ የበሉ አይጦች ቆዳቸው ቅርፊት እያወጣ፣ ዕድገታቸው እየቆመ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ኦሜጋ 6 በብዙ የምግብ ዘይቶች ውስጥ ስለሚገኝ አላሳሰበኝም።

መጀመሪያ ፍሬውን ሳይፈጭ እውጠው ነበር፤ እንደገባ መውጣቱን ሳይ ወደ ዘይቱ ዞርሁ።

የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነው። ብርሃን በሚያሳልፍ ጠርሙስ የታሸገ ዘይት ገዝቼ፣ እንዳልረሳው ብዬ ከምድጃው አጠገብ፣ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ሥር አስቀመጥሁት። ሲከፈት ለስላሳ ጣዕም ነበረው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ጉሮሮ የሚቧጥጥ ምሬት አመጣ፤ በክዳኑ ዙሪያ የፈሰሰውም የቀለም ሽታ ያለው ሙጫ ሆኖ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ሻጩን ብጠይቀው «ምሬቱ ተፈጥሮው ነው፤ የአገልግሎት ጊዜውም ገና አላለፈም» አለኝ። እሱስ ነጋዴ ነው፤ እኔ ግን አፍንጫዬ የነገረኝን ትቼ ወረቀት ማመኔ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሁለት ወር ሙሉ ማለዳ ማለዳ ፊቴን አጨማድጄ አንድ አንድ ማንኪያ ጠጣሁ።

አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ በካርቦን አቶሞቹ መካከል ሦስት ድርብ ትስስሮች ስላሉት ኦክስጅን በቀላሉ ያጠቃዋል፤ ብርሃንና ሙቀት ደግሞ ነገሩን ያፋጥኑታል። ሠዓሊዎች ቀለማቸውን በዚሁ ዘይት የሚለውሱት አየር ሲያገኘው ስለሚጠጥር ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ «ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ» የሚለውን አትመኑ፤ ጥቁር ጠርሙስ ግዙ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ፣ በአንድ ወር ጨርሱ፣ ለመጥበሻም አታውሉት። ከሸተተ ማብቂያው ቀን ዓመት ቢቀረውም ድፉት።

የአሜሪካ መመሪያ ለአዋቂ ወንድ በቀን 1.6 ግራም፣ ለሴት 1.1 ግራም አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ በቂ ነው ይላል፤ ይህን አንዲት ማንኪያ ጥሩ ዘይት ትሞላዋለች። እኔ ግን በዚህ ብቻ አልረካም፤ ምክንያቱም ሰውነታችን ለአንጎልና ለዓይን የሚያስፈልገውን ዲኤችኤ የተባለ ሌላ ኦሜጋ 3 ከዚህ አሲድ የሚሠራው እጅግ በጥቂቱ ነው። ዓሣም ቢሆን ዲኤችኤውን የሚያገኘው በዋናነት ከባሕር አልጌ ስለሆነ፣ አሁን የአልጌ ዘይት እንክብል እወስዳለሁ። ስገዛም ከፊት በትልቁ የተጻፈውን 1000 ሚሊግራም፣ ማለትም የዘይቱን ጠቅላላ መጠን፣ ትቼ ከኋላ ኢፒኤ የተባለውን ሌላ ኦሜጋ 3 እና የዲኤችኤን መጠን እደምራለሁ።

የተረፈውን አሮጌ ዘይት የእንጨት ወንበሬን ቀባሁበት፤ ቀስ ብሎ ደረቀ፣ ደህናም አብረቀረቀ።