የወንድሜ እባቦች ተፈለፈሉ
ዛሬ ማለዳ፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ብርድ በጋቢ እየተከላከልኩ ደሴ ቤታችን ቡና ስጠጣ፣ አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ በቪዲዮ ደውሎ፣ ሁለት ወር ገደማ በ28 ዲግሪ ሙቀት ካቆያቸው እንቁላሎች የተፈለፈሉትን ኮርን ስኔክ የሚባሉ መርዝ አልባ እባቦች አሳየኝ። እናታችን «አዑዙ ቢላህ!» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ወላጆቹ ሁለቱም ብርቱካናማ ሆነው ሳለ ከልጆቹ አንዳንዶቹ ዓይናቸው የቀላ፣ ጥቁር ቀለም ከነጭራሹ የሌላቸው መሆናቸው ገረመኝ፤ ወላጆች ሳይታይባቸው የተሸከሙት ባሕርይ በአማካይ ከአራት ልጆች በአንዱ ላይ እንደሚገለጥ አስረዳኝ። ለእኔ ከሁሉም ያማረኝ፣ ቀይ ቀለም የጎደለው፣ ከእርሳስ የማይወፍረው ግራጫ ግልገል ነበር። ወንድሜ ግን «አንገቱ ላይ ቢጫ ይወጣ እንደሆነ ሲያድግ እናያለን፤ የቀለም ዓይነቱ የሚለየው ያኔ ነው» ብሎ፣ የቀለም ስም ሳይሰጠው ወደ ሳጥኑ መለሰው።