ዳማን በትከሻዬ፦ የሺሃሊየን ተራራ ጉዞ

ውሻዬ ዳማ፣ ተራራ እንደምንወጣ የምታውቀው መንገዱ ሲጠብ ነው። ከስኮትላንድ ዋና ከተማ ከኤድንብራ ተነስተን ፐርዝን እስክናልፍ ድረስ ከኋላ ወንበር ላይ ተጠቅልላ ትተኛለች። አበርፌልዲ የምትባለዋን ትንሽ ከተማ ደርሰን፣ የቴይን ወንዝ በፈረንጆቹ 1733 በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን ጠመዝማዛውን ዳገት ስንያያዘው ግን ብድግ ትላለች። አፍንጫዋን በመስኮቱ ክፍተት ላይ ትለጥፍና መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። የበግ ሽታ ደርሷታል።

ለእኔም ይደርሰኛል። የተወለድኩት መንዝ ነው፤ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ድረስ በግ ጠብቄ አድጌያለሁ። የስኮትላንድን ደጋ መጀመሪያ ባየሁ ቀን ብርዱ፣ ጉሙ፣ ዳገት ላይ የተበተነው በግ ሁሉ ተደራርቦብኝ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ኮረብታውን የሚያለብሰው ሄዘር የሚባል ቁጥቋጦ እንኳን በአገራችን ደጋ ከሚበቅለው አስታ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው፤ ቁመቱ ግን ከጉልበት ብዙም አያልፍም።

የተለየብኝ ውሻው ነው። በቤታችን ውሻ ቀን ታስሮ ማታ ተፈትቶ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ደፍ አይሻገርም። ዳማ አልጋዬ ሥር ያደረችበትን የመጀመሪያ ሌሊት ለእናቴ በስልክ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ትጠብቅሃለች?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎን እማዬ፣ ትጠብቀኛለች» አልኳት። «እንግዲያው ይሁን» አለች። ስሙንም ያወጣችላት እሷ ናት፤ ፎቶግራፏን አይታ «ይህችማ ዳማ ናት» ስላለች በዚያው ቀረ። ዳማ ግማሽ ጎኗ ቦርደር ኮሊ ከሚባለው የበግ እረኛ ውሻ ዘር ነው። አራት ዓመቷ ሲሆን 17 ኪሎ ትመዝናለች። ይህን ክብደት በኋላ በደንብ አውቄዋለሁ።

የሄድነው በግንቦት መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ነው። ብሬይስ ኦቭ ፎስ ከሚባለው መኪና ማቆሚያ ስንደርስ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አልፎ ነበር። ሺሃሊየን ከዚያ ሲታይ ረጅም ጀርባ ያለው ከብት የተኛ ይመስላል። ከፍታው 1,083 ሜትር ነው። በስኮትላንድ ከ914 ሜትር በላይ የሆኑና ሙንሮ የሚባሉ 282 ተራሮች አሉ፤ ስሙ የተገኘው በ1891 ዝርዝራቸውን ካሳተሙት ከሰር ሂዩ ሙንሮ ነው። ሁሉንም ለመውጣት ዕድሜያቸውን የሚሰጡ ሰዎች አሉ። እኔ ቁጥር አልይዝም፤ ዳማም አትይዝም።

ከመኪናው ሳትወርድ ገመዷን በደረት ማሰሪያዋ ላይ አሰርኩ። እዚህ አገር በ2003 የወጣ ሕግ ማንም ሰው በኃላፊነት እስከተጓዘ ድረስ በግል ይዞታ ኮረብታ ላይ እንኳን እንዲራመድ ይፈቅዳል። ይህን መብት እጅግ እወደዋለሁ፤ ከየት መጣህ፣ የማን መሬት ነው የሚለኝ የለም። ውሻም ይዞ መሄድ ይቻላል፣ በቁጥጥር ሥር ከሆነ። ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ደግሞ ወፎች መሬት ላይ እንቁላል ጥለው የሚታቀፉበት ጊዜ ስለሆነ ገመዱ ማጠር አለበት። በግ ያሳደደ ወይም የነከሰ ውሻ ባለቤት በ2021 በወጣ ሕግ እስከ 40,000 ፓውንድ ሊቀጣ፣ እስከ 12 ወርም ሊታሰር ይችላል።

«በዛ» የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል። እኔ አይበዛም እላለሁ። ያረገዘች በግ ለመጨንገፍ መነከስ አያስፈልጋትም፤ መባረሩ ይበቃታል። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ከየት እንደመጡ ያላወቅናቸው ሁለት ውሾች መንጋችንን ገደል ለገደል ሲያሯሩጡ ዋሉ። አንድም በግ አልተበላም። በሳምንቱ ግን ሁለት እናት በጎች ጨነገፉ። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ምሳውን ሳይበላ ዋለ እንጂ። ስለዚህ ውሻውን ፈትቶ ለቆ «የእኔ እኮ ማንንም አይነካም» የሚል ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። በጓ ይህን በምን ታውቃለች?

መንገዱ ለስላሳ ነው። ጆን ሚዩር ትረስት የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት የተራራውን ምሥራቃዊ ክፍል በ1999 ሲገዛ የቀድሞው መውጫ በእግር ብዛት ተቦርቡሮ ከሩቅ የሚታይ ጠባሳ ሆኖ ነበር። መንገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዛውረው አዲሱን በድንጋይ አነጠፉት፤ በ2003 ተጠናቀቀ። የድሮውን ቦታ ሄዘር መልሶ እየሸፈነው ነው። በግራና በቀኝ ጥቁር ፊትና ቀንድ ያላቸው በጎች ከግልገሎቻቸው ጋር ይግጣሉ። ዳማ አንገቷን ዝቅ አድርጋ አንድ እግሯን አንስታ ትቆማለች፤ በደሟ ያለው እረኝነት ይጠራታል። «ነይ» ስላት ትመጣለች፣ ዓይኗ ግን እዚያው ይቀራል። አሳዘነችኝ። እኔም ብሆን እነዚያን በጎች ሰብስቦ መንዳት አማረኝ።

ሺሃሊየን ከሌሎች ተራሮች ተነጥሎ፣ ሁለት ጎኑ ተመጣጥኖ የቆመ ነው። በ1774 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ የነበሩት ኔቪል ማስከላይን ምድርን ለመመዘን እዚህ የመጡት ለዚህ ነበር። በተራራው ደቡብና ሰሜን ድንኳንና ጎጆ ተክለው፣ ከክር ጫፍ የተንጠለጠለ ቱንቢ በተራራው ስበት ምን ያህል ከቀጥታው እንደሚያዘነብል ከዋክብትን እያዩ ለኩ። ለወራት ጉምና ዝናብ እየተፈራረቀባቸው ሥራውን ጨረሱት። የልኬቱን ስሌት የሠሩት ቻርልስ ሃተን የምድር አማካይ እፍግታ፣ ማለትም በእኩል ይዘት ሲመዘን ያለው ክብደት፣ ከውኃ አራት ተኩል እጥፍ ያህል እንደሆነ ደመደሙ፤ ዛሬ የሚታወቀው አምስት ተኩል ገደማ ነው። ሃተን የተራራውን ቅርጽ ለመረዳት እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች በመስመር አገናኙ። በኪሴ በያዝኩት ካርታ ላይ ያሉት ከፍታ አመልካች መስመሮችም የዚያው ዘዴ ልጆች ናቸው። መሬቱን በመዳፌ ነካሁት። ምድር የተመዘነችበት ሚዛን ላይ ቆሜአለሁ ብዬ ሳስብ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ከዚያ በላይ የተነጠፈው መንገድ ያልቃል። እስከ ጫፍ ድረስ ያለው የተፈረካከሰ ኳርትዛይት የሚባል ድንጋይ ነው፤ ጠንካራ ስለሆነ አፈር አይሆንም፣ ሲሰበር ደግሞ ጠርዙ ቢላዋ ነው። አንዱን ስረግጥ ሌላው ይወዛወዛል። ጉም ገባ ወጣ ይላል። ዳማ በመጀመሪያ እየዘለለች ቀደመችኝ። ቆይታ ጎን ለጎኔ ሆነች። ከዚያም ከኋላዬ ቀረች። ይህን አስተውያለሁ፣ ግን ጫፉ ጉሙን ቀዶ ብቅ ስላለ ዓይኔ እዚያ ነበር።

ከላይ እየወረዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ሰላምታ ሰጡኝና «የፊት እግሯን ዓይተኸዋል?» አሉኝ።

ዞር አልኩ። በነጣው ድንጋይ ላይ፣ ከመጣንበት በኩል፣ ቀይ ነጠብጣብ ተከታትሏል። ዳማ ጅራቷን እያወዛወዘች ታየኛለች። አላለቀሰችም፣ አልተቀመጠችም። እግሯን ሳነሳው የመዳፏ ሥጋ ተሰንጥቋል። ሽማግሌው ከቦርሳቸው ፋሻ አውጥተው እግሯን እኔ ይዤ እርሳቸው ጠቀለሉላት። የእርሳቸው ውሻ አሥራ ሦስት ዓመት ስለሞላት ዘንድሮ ቤት እንደቀረች፣ ሲወጡ ግን አሁንም በሩ ላይ ቆማ እንደምትሸኛቸው ነገሩኝ። ከዚህ በላይ ድንጋዩ እንደሚብስም አስጠንቅቀውኝ ወረዱ።

እውነቱን ልናገር። ጫፉ ቢበዛ የግማሽ ሰዓት መንገድ ቀርቶት ነበር። ከአንድ ድንጋይ ጋር አስሬያት ሮጬ ልመለስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ገመዱንም በእጄ ያዝኩት። እሷም ልንሄድ ነው ብላ በተጠቀለለው እግሯ ቆመች። እሺ ብላ የምትከተለኝ እስክትወድቅ ድረስ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ፤ በጣም አፈርኩ።

ልጅ ሳለሁ የደከመ ግልገል የምንሸከመው የፊትና የኋላ እግሮቹን በደረታችን ላይ ይዘን፣ ሆዱን በማጅራታችን አሳርፈን ነበር። ሃያ ዓመት ያልሠራሁትን እጄ አልረሳውም። ዳማ አንዴ ተንፈራገጠችና ተረጋጋች፤ ትንፋሿ ጆሮዬን ያሞቀው ጀመር። ድንጋዩን እየዳሰስኩ፣ በየጥቂቱ ተቀምጬ እያረፍኩ፣ ለስላሳው መንገድ እስክደርስ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ጉልበቴ ሳምንት ሙሉ አሞኛል። ቤት ስንገባ ቁስሏን አጠብኩ፣ ከጆሮዋ ሥር ሁለት መዥገር ነቀልኩ፣ የራሴንም ቁርጭምጭሚት ፈተሽኩ፤ የዚህ አገር መዥገር «ላይም» የሚባል በሽታ ያስተላልፋል።

በነሐሴ ተመለስን። ወር ሙሉ ቤት ውስጥ፣ ከዚያም በመናፈሻ ውስጥ የለመደቻቸውን አራት የውሻ ጫማዎች አድርጋለች። ኮረብታው በሄዘር አበባ ሐምራዊ ሆኖ ነበር። በድንጋዩ ላይ ቀስ ብለን፣ በየአሥር ደቂቃው እግሯን እያየሁ ወጣን። ከጫፉ ላይ ራኖክ ሐይቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ ታየን፤ የያዝኩትን ዳቦ ተካፈልን፤ ነፋሱ ስለበረታ ብዙ አልቆየንም።

ስንወርድ፣ ያን ዕለት ከተሸከምኳት ቦታ ስንደርስ ዳማ ቆመች። ጫማዎቿን አንድ በአንድ አወለቅሁ፤ ቁስል የለም፣ ደም የለም። መልሼ አደረግሁላት። አልተንቀሳቀሰችም። አንገቷን አዘንብላ ትከሻዬን ታያለች። ተንበረከክሁላት።