ከመግባቢያ ሰነዱ በፊት አባሪው

ድሬዳዋ ላይ ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሚደረጉ ስምምነቶችን ማርቀቅ የዕለት ሥራዬ ከሆነ ቆይቷል። በዚህ ሥራ አንድ አቋም ይዣለሁ፤ ማን ምን እንደሚሠራ፣ መቼና በማን ወጪ እንደሆነ የሚዘረዝረው አባሪው ይቅደም፣ የመግባቢያ ሰነዱ መጨረሻ ላይ ይጻፍ። የተለመደው ግን ተገላቢጦሹ ነው። እንግዳ ይመጣል፣ ባንዲራ ይደረደራል፣ ሁለቱ ወገኖች «በምርምርና በመምህራን ልውውጥ በጋራ ለመሥራት» ይፈራረማሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል።

ዘላቂ የሆነ ስምምነት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የደንገጎን ዳገት ወጥተን ትንሽ ስንጓዝ ሐረማያን እናገኛለን። በ1944 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት፣ በአሜሪካ የፖይንት ፎር የቴክኒክ እርዳታ በኩል፣ ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከሚባለው ተቋም ጋር የእርሻ ኮሌጅ ለማቋቋም ተስማማ። የዓለማያው (ሐረማያ ያኔ የሚጠራበት ስም ነው) ግንባታ እስኪደርስ ትምህርቱ ጅማ ላይ ተጀመረ፤ ኮሌጁ በ1950 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ተመረቀ፤ የኦክላሆማ ውል ደግሞ በ1960 ዓ.ም. አበቃ። እኔን የሚስበኝ ይህ ማብቂያ ነው። ኢትዮጵያውያን መምህራን ሠልጥነው ቦታውን እንዲረከቡ ከመነሻው ታስቦበት ነበር። ዛሬ የሚቀርቡልኝ ረቂቆች አብዛኞቹ ስለ መጀመሩ እንጂ ስለ መረካከቡ አንድ መስመር የላቸውም።

በቅርቡ ከአንድ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ጋር የጨረስነው ስምምነት መነሻው የደቻቱ ወንዝ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ወንዙ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች እንደሞቱ የድሬዳዋ ሰው አይረሳውም። የእኛ የውሃ ምሕንድስና መምህርና የእነሱ ተመራማሪ በዚህ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ሲጻጻፉ ኖረዋል። ወደ ቢሮዬ ሲመጡ ለሁለቱም ለየብቻ አንድ ጥያቄ አቀረብኩ፦ «በመጀመሪያው ዓመት ከየትም ገንዘብ ባይገኝ ምን ትሠራላችሁ?» የእኛው መምህር ሁለት የማስተርስ ተማሪዎችን በጋራ እናማክራለን አሉ። ጀርመናዊው ደግሞ በኢንተርኔት አንድ ኮርስ በጋራ እናስተምራለን ብሎ ጻፈ። እነዚህ ሁለት መልሶች የአባሪው የመጀመሪያ አንቀጽ ሆኑ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ግንኙነት ሲመጣልኝ በትሕትና አቆየዋለሁ።

ከዚያ ዕቃው መጣ። ጀርመኖቹ በወንዙ ዳር የሚተከሉ የውሃ ከፍታ መለኪያዎች ሊልኩልን ፈቃደኞች ነበሩ። ረቂቃቸው «መሣሪያዎቹ ለፕሮጀክቱ ይቀርባሉ» ብሎ ያልፋል። ጉምሩክ ግን ፕሮጀክት የሚባል ሰው አያውቅም። ዕቃው በማን ስም ይገባል? ከቀረጥ ነፃ እንዲሆን ደብዳቤውን ማን ይጽፋል? መጋዘን ከቆየ ኪራዩን ማን ይከፍላል? ጎርፍ ቢወስደውስ? የመጨረሻውን ስጠይቅ በቪዲዮ ስብሰባው ላይ ሳቁ፤ ጎርፍ ለመለካት የተተከለ መሣሪያ ጎርፍ ሊወስደው እንደሚችል ግን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በመጨረሻ መሣሪያው ከመነሻው በዩኒቨርሲቲያችን ስም እንዲገባና በንብረትነት እንዲመዘገብ፣ መለዋወጫውን እነሱ እንዲችሉ፣ ጥበቃውን እኛ እንድንችል ተስማማን።

ስለ ገንዘብ ያስተማሩኝ የፋይናንስ ኃላፊያችን ናቸው። ረቂቁን ይዤ ገብቼ «ጋሼ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ጁላይ መጀመሪያ ላይ ይገባል ተብሏል» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። «ጁላይ መጀመሪያ እኮ የሰኔ ማለቂያ ነው፤ ሒሳብ የምንዘጋበት ሳምንት! ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ አድርጊው፣ ልጄ። አለዚያ ገንዘቡ ገብቶም አትጠቀሙበትም።»

ጀርመኖቹ የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 እንደሚጀምር ከየት ያውቁታል? ስለዚህ እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር እንጽፋለን። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ካልን አጠገቡ ነሐሴ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ይቀመጣል። «2016» ብቻ የተጻፈበትን ሰነድ የውጭ ኦዲተር ሲያየው ስምምነቱ ከስምንት ዓመት በፊት የተፈረመ ይመስለዋል። አበሉንም በዩሮ ተምነን «በሚከፈልበት ዕለት የባንክ ምንዛሪ» የሚል ሐረግ እናክላለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አበልን በብር ቆርጠው የፈረሙ ወገኖች በጀታቸውን እንደገና ለመደራደር ተገድደዋል።

የተማሪ ልውውጡ በአውሮፓ ኅብረቱ የኢራስመስ ፕላስ ፕሮግራም በኩል ነው፤ ይህ ፕሮግራም ተማሪ ከመንቀሳቀሱ በፊት በተቋማቱ መካከል የተፈረመ ስምምነት ይጠይቃል። ቅጹ አስቸጋሪ አይደለም። ፈተናው ተማሪው ሲመለስ ነው። በአውሮፓው አቆጣጠር አንድ የትምህርት ዓመት 60 ክሬዲት ሲሆን አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይወክላል። ይህ በእኛ ስንት ክሬዲት ሰዓት እንደሚሆን የትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ተማሪው ከመሄዱ በፊት ወስኖ በቃለ ጉባኤ ማስፈር አለበት። አለዚያ ልጁ ተመልሶ ያንኑ ኮርስ ድጋሚ ሊወስድ ይቀመጣል። ሌላም በቢሮክራሲ ዓይን የማትታይ ወጪ አለች፦ የቪዛ ቀጠሮው አዲስ አበባ ነው፣ እኛ ያለነው ደግሞ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን ነው። መጓጓዣና ማደሪያ በአባሪው ካልተጻፈ ዕድሉን የሚያገኘው አቅም ያለው ቤተሰብ ልጅ ብቻ ይሆናል።

የእርሻ ሰዎች ሲመጡ እኔም ጥንቁቅ እሆናለሁ። የሐረርጌ ማሽላም ሆነ ቡና ዘሩ ከአገር የሚወጣው በጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት በፈቃድ ነው፤ በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ፊርማ የሚተካ አይደለም። የጤፉን ታሪክ ለእንግዶቼ መንገር እወዳለሁ። በ1997 ዓ.ም. ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ጥቅም ለመጋራት ውል ተፈረመ፤ ኩባንያው በ2001 ዓ.ም. ከሰረ፤ በጤፍ ላይ የተያዘው የፈጠራ መብት ግን ወደ ሌላ እጅ ተሻግሮ ቀጠለ፤ የሄግ ፍርድ ቤት ያንን መብት ዋጋ ያሳጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የፈጠራ መብት በሚነካ ስምምነት ሁሉ ላይ «ከወገኖቹ አንዱ ቢፈርስ፣ ቢዋሐድ ወይም መብቱን ቢያስተላልፍ» የሚል አንቀጽ እንዲገባ አጥብቄ እከራከራለሁ። አንዳንዶች ዩኒቨርሲቲ አይከስርም ይሉኛል። ዩኒቨርሲቲው ባይከስርም መብቱን የሚገዛው ኩባንያ ሊከስር ይችላል።

አባሪው ካለቀ በኋላ የመግባቢያ ሰነዱ ሁለት ገጽ ሆነና ፕሬዝዳንቶቹ በየቢሯቸው ፈረሙ። ኃላፊነቱን በስም ሳይሆን በሥራ መደብ፣ ከነተጠባባቂው ጻፍነው፤ ኃላፊ በየጊዜው በሚቀያየርበት ቦታ በስም የተያዘ አደራ ከሰውዬው ጋር ይሄዳል። ሁለቱ መምህራን በየዓመቱ በነሐሴ አንድ ገጽ ሪፖርት እንዲያቀርቡ፣ ካላቀረቡ ስምምነቱ በራሱ እንዲያበቃ የሚል አንቀጽም አስገባሁ። የጀርመኖቹ የሕግ ክፍል ይህ ከረር ያለ ነው ብሎ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ እንዲቀድመው ጠየቀ። ተቀበልነው።