ግንቦት 31 የሚባል ቀን

ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው በሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ የደብዳቤ ፎቶ ተለቀቀ። በራስጌው የምርጫ ቦርድ ዓርማ፣ በግርጌው ክብ ማኅተምና የተጠማዘዘ ፊርማ ያለው ሲሆን፣ በእኛ የምርጫ ክልል የሚሰጠው ድምፅ «ባጋጠመ የቁሳቁስ እጥረት ምክንያት» ወደ መስከረም መዛወሩን ይገልጻል። ከመካከላችን የተገረመ ሰው አልነበረም። ምርጫው መጀመሪያ ነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ይካሄዳል ተብሎ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ቀርቷል፤ ከዚያ ለግንቦት 28 ቀን 2013 ተቆረጠ፤ ያም አልሆነምና ወደ ሰኔ 14 ተገፋ፤ በሶማሌና በሐረሪ ክልሎች ደግሞ በእርግጥም ከሰኔ 14 አልፎ ለሌላ ጊዜ ተሸጋግሮ ነበር። ስለዚህ ተራው የእኛ መሆኑን አምነን፣ ጥቂት አማርረን፣ ደብዳቤውን ለየወዳጆቻችን እናስተላልፍ ጀመር። እኔም ለሁለት ሌሎች ግሩፖች ላክሁት።

በዚያው ምሽት እንጀራ ልገዛ ወደ ጎረቤታችን ወደ እማማ ቤት ጎራ አልሁ። እማማ እንጀራ እየጋገሩ ለሱቆች በማስረከብ የሚተዳደሩ፣ ስልካቸው ከመደወልና ከመቀበል ሌላ ሥራ የማያውቅ ሴት ናቸው። ምርጫው መተላለፉን ስነግራቸው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና «ማነው ያለው?» አሉኝ። ደብዳቤ እንዳለ ስነግራቸው ደግሞ «እስቲ ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ» አሉ። ቀኑን አነበብሁ፦ ግንቦት 31 ቀን 2013 ዓ.ም.።

«ስንት አልህ?»

«ግንቦት 31።»

«ልጄ፣ ግንቦት 31 የሚባል ቀን መቼ ነው የተፈጠረው?»

ወራችን 30 ቀን ብቻ እንዳለው ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቅ ሰው፣ ያንን ደብዳቤ ከሦስት ጊዜ ያላነሰ አይቼው ቀኑ ዓይኔን አልቆረቆረኝም። የግሩፑ አባላት ሁሉ አይተውትም አንድ ሰው አልጠየቀም። ጸሐፊው ቀኑን ሲያስብ በልቡ የፈረንጆቹን ሜይ ይዞ ነበር መሰለኝ። በማግስቱ የቦርዱን የፌስቡክ ገጽ ስፈትሽ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ የለም፤ ካርድ ያወጣሁበት ጣቢያ ሄጄ ስጠይቅም የሰሙት ነገር አልነበረም።

መራጭ መረጃ የሚያጣራው እውነትን ስለሚወድ ነው፣ የማያጣራውም ዕውቀት ስለሚጎድለው ነው ሲባል እሰማለሁ። የዚያ ምሽቱ ነገር ግን ለዚህ አባባል አልመች አለኝ፤ ከሁለታችን ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት እኔ ነበርሁና። ልዩነታችን ያለው ሌላ ቦታ ነው። እማማ የምርጫ ካርዳቸውን ለማውጣት ምጣዳቸውን ጥለው ሁለት ቀን ተመላልሰዋል፤ ካርዱን በፌስታል ጠቅልለው ከዕድር ደብተራቸው ጋር አኑረውታል፤ ሰኔ 14 ሰኞ ስለሚውል በዚያ ቀን እንጀራ እንደማያስረክቡ ለሱቆቹ ቀድመው ተናግረዋል። ወሬው እውነት ከሆነ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ይቀራል፤ ውሸት ሆኖ ካመኑት ደግሞ ምርጫው ያመልጣቸዋል። በሁለቱም በኩል የሚከስሩት ነገር ነበራቸው። እኔ ግን አንድ ጊዜ በጣቴ ከመንካት በቀር ምንም አላወጣሁበትም። ከዚያ ወዲህ መራጭ የሚያጣራው ሐሰቱ ድካሙን፣ ደኅንነቱን ወይም ስሙን ሲነካበት ነው የሚል እምነት አድሮብኛል።

ቋንቋችንም ለማጣራት ብዙ የሚያግዝ አይመስለኝም። «ምርጫው ተላለፈ አሉ» ስንል ባዮቹ እነማን እንደሆኑ አንናገርም፤ «ተባለ» ስንል ደግሞ ጭራሽ ባይ የሌለው ንግግር እናሰማለን፤ እንዲህ ያለው አነጋገር ተናጋሪውን ከተጠያቂነት ነፃ ያወጣዋል። የእማማ «ማነው ያለው?» የጠፋውን ባለቤት ፍለጋ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚመለከተው ዐዋጅ ቁጥር 1185 በዚህ ረገድ ከቋንቋችን ይልቅ ጠንከር ያለ ነው፤ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቀ ያሰራጨውን ብቻ ሳይሆን፣ ሐሰተኛ መሆኑን ማወቅ ይገባው የነበረውንም ሰው ይጠይቃል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሆን ቅጣቱን ያከብዳል፤ እውነትነቱን ለማረጋገጥ ተገቢ ጥረት ያደረገን ሰው ደግሞ ከጥፋተኝነት ያወጣል። ዐዋጁ ለመንግሥት ሰፊ በትር ይሰጣል የሚለውን ስጋት እኔም እጋራለሁ፤ ሆኖም እንደ እማማ ያለ ሰው የሚያጣራው ዐዋጅ ፈርቶ እንዳልሆነ ለመናገር ሕግ መማር አያስፈልግም።

ደኅንነት ያልሁት ከ1997 ዓ.ም. ጋር የተያያዘ ነው። ከግንቦት 7ቱ ምርጫ በኋላ ውጤቱ ሲያወዛግብ፣ ከተማው በወሬ ሲናጥ፣ የሞባይል አጭር መልእክት አገልግሎት በሰኔ ወር ተዘጋ፤ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻም ድረስ ከሁለት ዓመት በላይ ተዘግቶ ቆየ። መልእክቱ ቢዘጋም ወሬው አልቆመም፤ ይልቁንም ማረጋገጫ መንገዱ ስለጠበበ በየቡና ጀበናው ዙሪያ እየተባዛ ሄደ። በዚያን ጊዜ «መንገድ ተዘግቷል»፣ «ተኩስ አለ» የሚል ወሬ ሲሰማ ልጁን ከትምህርት ቤት ለማምጣት የሮጠ ወላጅ፣ አንድ ወሬ እውነት ሲሆንና ሳይሆን ያለውን ልዩነት በሰውነቱ ያውቀዋል። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ጎረቤቶቼ በምርጫ ሰሞን ስልክ እየደወሉ «አንተ ባለህበት ሰላም ነው?» የሚሉት ከዚያ የቀረ ልማድ ይመስለኛል፤ ሥራው ግን ያው ማጣራት ነው።

ለማጣራት የሚያስገድደው ሌላው ምክንያት በማኅበራዊ ሚዲያ የሚታየው የሰው ቁጥር ራሱ የማይታመን መሆኑ ነው። ድምፅ ሊሰጥ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኔ 9 ቀን፣ ፌስቡክ ከኢትዮጵያ የሚንቀሳቀስ አንድ የሐሰተኛ ገጾች መረብ ማጥፋቱን አስታወቀ፤ በራሱ 65 አካውንቶችን፣ 52 ገጾችንና 27 ግሩፖችን፣ በኢንስታግራም ደግሞ 32 አካውንቶችን ዘግቷል። ኩባንያው መረቡን ከመንግሥቱ የመረጃ መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ጋር ግንኙነት ካላቸው ግለሰቦች ጋር ያያያዘው ሲሆን፣ ይዘቱ በአብዛኛው በአማርኛ የተጻፈ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ብልጽግና ፓርቲን የሚያወድስ፣ ተቃዋሚዎችን የሚነቅፍ እንደነበር ገልጿል። ይህን ካነበብሁ በኋላ በአንድ ጽሑፍ ሥር የተደረደሩትን አስተያየቶች እንደ ሕዝብ ድምፅ መቁጠር አቃተኝ። በዚያ ሰሞን እንደ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅ ቼክ ያሉ አጣሪዎች በአማርኛ የሚያወጧቸውን ማብራሪያዎች መከታተል የጀመርሁትም ለዚሁ ነው፤ ምንም እንኳ ማብራሪያው ሲደርስ ወሬው አገር ዞሮ የተኛ ቢሆንም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ የማያኮራ ነገር ልናገር። የምደግፈው ፓርቲ ያደረገው የድጋፍ ሰልፍ ነው የተባለ፣ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ የሚታይበት ፎቶ ደረሰኝ፤ ደስ አለኝና በቤተሰብ ግሩፓችን ላይ ለጠፍሁት። እህቴ ፎቶውን አስፍታ ካየች በኋላ ከዳር የቆሙት ሰዎች አደይ አበባ መያዛቸውን አሳየችኝ። አደይ በመስከረም እንጂ በግንቦት እንደማይፈካ ለማወቅ ጎግል አያስፈልግም፤ ፎቶው የሌላ ዓመት የደመራ በዓል ነበር። ያስተላለፍሁትን የቦርድ ደብዳቤ ቢያንስ ደጋግሜ አይቼው ነበር፤ ይህን ግን ደስ ስላሰኘኝ በወጉ እንኳ አላየሁትም። የሚያስደስተን ሐሰት ምንም የሚያስከፍለን ስለማይመስለን ሳይፈተሽ ያልፋል። በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች በትዊተር ላይ ባደረጉት ጥናት ሐሰተኛ ዜና እንደገና የመጋራት ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ እንደሚበልጥ፣ ለዚህም ዋናዎቹ አስተላላፊዎች ሮቦቶች ሳይሆኑ ሰዎች እንደሆኑ አሳይተዋል። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ እኔ መሆኔን እህቴ በደንብ አስታወሰችኝ።

ፎቶውን ከእኔ ወስደው ካሰራጩት መካከል ሜሪላንድ የምትኖረው አክስቴ ትገኝበታለች። ውጭ ሀገር ሆኖ ድምፅ መስጠት ስለማይቻል ከወሬው ጋር የተያያዘ ድካምም ሆነ ካርድ አልነበራትም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን አብራት የምታገለግል ወዳጇ «ይሄ እኮ ደመራ ነው» ብላ በሰው ፊት ስታርማት አፈረች፤ ማታውኑ ደውላ «ለምን አሳፈርኸኝ?» ብላ ወቀሰችኝ። ከዚያ በኋላ ለእኔ የምትልከው ነገር ሁሉ «ይህን አጣራልኝ» የሚል ቃል ይከተለው ጀመር። እርማቴን በቤተሰብ ግሩፑ ላይ ብለጥፈው መልስ የሰጡኝ ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ፎቶው ከሠላሳ በላይ የልብ ምልክት አግኝቶ ነበር።

ሰኔ 14 ቀን እማማን ይዤ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ተሰለፍን። ሰልፉ አልሄድ ብሎ፣ እኔ ቦታ እየጠበቅሁ እሳቸው ቤታቸው ደርሰው እየተመለሱ፣ ቀኑ መሸ። ወደ 11 ሰዓት ገደማ አንድ ወጣት ስልኩን እያየ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት መራዘሙን ሲናገር፣ ከኋላችን ያሉት «ውሸት ነው፣ በ12 ሰዓት ይዘጋል» ብለው ሁለት ሦስት ሰዎች ሰልፉን ጥለው ሄዱ። ዜናው ግን እውነት ነበር፤ ቦርዱ ሰዓቱን በሦስት ሰዓት አራዝሞታል። በሐሰተኛው ደብዳቤ የተሸወደ ሰው እውነተኛውንም ማስታወቂያ አላምን ማለቱ አልገረመኝም፤ ያዘንሁት ግን መጠራጠርን እንደ ማጣራት በመቁጠራቸው ነው። እማማ ከሰልፉ ወጥተው በር ላይ የቆመችውን አስፈጻሚ ልጅ ጠየቁ፣ አረጋገጡ፣ ተመልሰውም «ቁሙ፣ እውነት ነው» አሉን።

በማግስቱ ጠዋት የጣቢያው ውጤት በሩ ላይ ተለጥፎ ስለነበር ሰው እየመጣ በስልኩ ያነሳዋል። እማማ መነጽራቸውን ረስተው ስለመጡ እኔ አነበብሁላቸው፤ እሳቸው የመረጡት ዕጩ ሦስተኛ ወጥቷል። «እስቲ ድገመው» አሉኝ። ደገምሁት። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉና፣ አጠገቤ የቆመችውን የማያውቋትን ልጅ «እናቴ፣ አንቺ ደግሞ አንብቢልኝ» አሏት።