«አባዬ፣ ሊጡ ተናደደ!»

ከአራት ዓመት ልጅ ጋር የእጅ ሥራ ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕቃ ከሞላ ጎደል ቤት ውስጥ አለ፦ ዱቄት፣ ጨው፣ ዘይት፣ ያለቀ ሶፍት ካርቶን፣ ሊጣል የነበረ የብስኩት ማሸጊያ፣ የተረሳ ድንች። ቤት ውስጥ የማይገኘው ሁለተኛ ወለል ነው። አንደኛው ከጥቅም ውጪ ሲሆን ወደ ሌላው ለመሻገር ያገለግል ነበር።

ከሁሉም በፊት አንድ ሕግ ልንገራችሁ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚወጣው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ፊቱ የተቀመጠለትን ዕቃ በሙሉ ይጨርሳል። ጠርሙስ ካገኘ ጠርሙሱን፣ ጠብታ ካገኘ ጠብታዋን። ስለዚህ የሥራው ውጤት የሚወሰነው በልጁ ችሎታ ሳይሆን እናንተ ጠረጴዛው ላይ በምታስቀምጡት መጠን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ ሽርጧን አጥልቃ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላ በርጩማ ላይ ቆማለች። መሬቱ ላይ ያነጠፍኩት አሮጌ አንሶላ ነው፤ ጋዜጣ እርጥብ ሲሆን እግር ላይ ተለጥፎ ቤቱን ይዞራል፣ ቀለሙንም ይዞ ይሄዳል። እናቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣ በጥርጣሬ ታየናለች።

የመጀመሪያው ሥራ መጫወቻ ሊጥ ነው። 1 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ደቃቅ ጨው፣ 1 ኩባያ ውሃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ። ሁሉም ድስት ውስጥ ገብቶ፣ ዱቄቱ እስኪሟሟ ተመትቶ፣ መካከለኛ እሳት ላይ ይጣዳል። መለካትና መገልበጥ የልጁ ድርሻ ነው፤ እሳት አጠገብ ያለው ሁሉ የእናንተ። ለ3 ወይም ለ5 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ማማሰል ነው። መጀመሪያ ቀጭን ሾርባ ይመስላል፣ ቀጥሎ ይጓጉላል። ብዙ ሰው «ተበላሸ» ብሎ የሚደፋው እዚህ ላይ ነው። አትድፉት። ትንሽ ሲቆይ ጉጉሉ ሁሉ ተሰብስቦ ከድስቱ ይላቀቅና ማማሰያው ላይ አንድ ኳስ ይሆናል። ያኔ ይወርዳል።

ኳስ ከመሆኑ በፊት ግን ፏ ፏ እያለ ይፈነዳል። ልጄ ከሩቅ ሆና አንገቷን አስግጋ ሰማችውና «አባዬ፣ ሊጡ ተናደደ!» ብላ ጮኸች። እናቴ ከሶፋው «ቢናደድ ምን ይገርማል? ዱቄት እኮ የተፈጠረው ለመበላት ነው» አለች።

የእያንዳንዱን ጥቅም ማወቅ ሲበላሽ ለማዳን ይረዳል። ሙቀቱ የዱቄቱን ስታርች ያሳብጠውና ውሃውን ይዞ ይቀራል፤ ያልበሰለ ሊጥ በማግስቱ የሚያጣብቀው ይህ ስለሚጎድለው ነው። ጨው ሻጋታን ይከላከላል። ሎሚው ሊጡ እንዲለጠጥ፣ ዘይቱ ደግሞ እጅ ላይ እንዳይጣበቅና ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል። ሞቅ እንዳለ ለአንድ ደቂቃ ያህል ከታሸ ይለሰልሳል፤ ሙቀቱን መጀመሪያ በራሳችሁ እጅ ሞክሩ፣ መሃሉ ከላዩ ይልቅ ይፋጃል። በደንብ ቀዝቅዞ አየር በማያስገባ ዕቃ ከተቀመጠ ለሳምንታት ያገለግላል። ሳይቀዘቅዝ ከተከደነ ክዳኑ ላይ ላብ ይጠራቀምና ላዩ ይሟሟል።

የምግብ ቀለም የሚጨመረው ገና ውሃ ሳለ ነው። ሊጥ ከሆነ በኋላ ከጨመራችሁት መጀመሪያ የሚቀላው እጃችሁ ነው። እኛ ቤት ሮዝ ነበር የታሰበው። ስልኬ ጮኸ፤ ዞር ብዬ ስመለስ የቀለሟ ጠርሙስ ባዶ ናት፣ ልጄ ደግሞ እስከ አንጓዋ ድረስ ከቀዶ ጥገና የወጣች ሐኪም መስላለች። ሕጉን አስታውሱ፦ ጠርሙስ ካገኘች ጠርሙሱን። ቀለም በማንኪያ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ተደርጎ ይሰጣል እንጂ ከነጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። እጅ ላይ የቀረው በተደጋጋሚ እጥበት በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ልብስ ከሆነ ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ፤ ሙቅ ውሃ ቀለሙን ያስይዘዋል።

ቀጥሎ ሊጡ «ጠማው» ተባለና አንድ ኩባያ ውሃ ተደፋበት። እንዲህ ሲሆን ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ዱቄት ነው፤ መድኃኒቱ ግን እሳት ነው። ጥሬ ዱቄት በተጨመረ ቁጥር ጨውና ዘይቱ እየሳሳ ይሄድና ሊጡ ቶሎ ይበላሻል። ትርፉን ውሃ አፍስሳችሁ ድስቱን እንደገና ጣዱት፤ እያማሰላችሁ ጥቂት ደቂቃ ስታቆዩት እርጥበቱ ተንኖ ይመለሳል። በተቃራኒው ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ውሃውን ሊጡ ላይ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ እሹት።

የጨው ሊጥ የሚባለው ሌላ ነው፤ እሱ የልጅ መዳፍ ታትሞበት የሚደርቅና የሚቀመጥ ነው። 2 እጅ ዱቄት፣ 1 እጅ ጨው፣ ከ1 እጅ ትንሽ ያነሰ ውሃ፤ ድስት ላይ አይበስልም፣ ዘይትም የለውም። ውፍረቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ይዳመጣል። መስቀያ ቀዳዳው ሳይደርቅ በፊት በስትሮ ይበሳል፤ ከደረቀ በኋላ ለመብሳት የሞከረ ሰው ሁለት ግማሽ እጅ ይዞ ይቀራል። መዳፍ ለማተም መጀመሪያ መዳፉን፣ ከዚያ እያንዳንዱን ጣት በየተራ ተጫኑና እጁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱ። በንድፈ ሐሳብ ደረጃ። በተግባር የልጅ እጅ ለስላሳ ነገር ሲነካ በራሱ ይጨበጣል፤ እኛ ጋ ያለው አሻራ የእጅ ሳይሆን የቡጢ ነው።

በኦቨን ከሆነ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከ2 እስከ 3 ሰዓት፣ መሃል ላይ እየተገለበጠ። ሙቀቱን ከፍ አድርጎ ለማፋጠን የሞከረ የተነፋና የጠቆረ ነገር ያወጣል። እርሾ ወይም ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበት ዱቄት ከሆነማ የልጃችሁ መዳፍ የድብ መዳፍ ሆኖ ይወጣል። ኦቨን ከሌለ አየር በሚገባበት ቦታ ለቀናት እየገለበጡ ማድረቅ ይቻላል። ጨው እርጥበት ስለሚስብ በዝናባማ ወቅት ይለሰልሳል፤ ከደረቀ በኋላ ቫርኒሽ ወይም ነጭ ኮላ ቢቀባ ይቆያል። ውሻ ያለበት ቤት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ያ ሁሉ ጨው ለውሻ መርዝ ነው። ልጅም አንዴ ከቀመሰው አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ ተጨማዶ ይተወዋል፤ እየደጋገመ የሚበላ ከሆነ ግን ሥራው ይቅር።

ድንች ማኅተም ቀላል ይመስላል። ግማሽ ድንች፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ ወረቀት። ሁሉም ሰው ጋ የሚበላሸው ግን በአንድ ምክንያት ነው፦ ድንች ሲቆረጥ ውሃ ያወጣል፣ ቀለሙም በዚያ ውሃ ላይ ይንሸራተትና ኮከቡ ኩሬ ይሆናል። የተቆረጠውን ፊት ሶፍት ላይ ደፍታችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል ተዉት። ቅርጹን ትልቅ ሰው በቢላ ያወጣዋል፤ ዙሪያው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት፣ ያለዚያ ዙሪያውም አብሮ ያትማል። ከኋላው ሹካ ቢሰካ እጀታ ይሆናል። ቀለሙ ሳህን ላይ አይፈስም፤ እርጥብ ስፖንጅ ላይ አንድ ማንኪያ ይቀባና ድንቹ ስፖንጁን ይነካል። በዚህ ዘዴ ልጁ የቱንም ያህል ቢጫን ከስፖንጁ የሚያገኘው ቀለም የተመጠነ ነው። ቀለሙ ላይ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ብትጨምሩ ልብስ ወይም ዕቃ ላይ ካረፈ በኋላ ለማስለቀቅ ይቀላል።

ይህን የሳሙና ነገር እንደ ተራ ምክር አትለፉት። ወረቀቱ ሲያልቅ ሥራው አያልቅም። የፍሪጁ በር፣ የበርጩማው እግር፣ የእናቴ ጉልበት በሙሉ በኮከብ ተሞሉ። እናቴ ቀሚሷን እያየች «እኔን ለምን?» ስትል ልጄ የሰጠችው መልስ «አንቺ ስለማትንቀሳቀሺ» የሚል ነበር። ሳሙናው ሥራውን ሠርቷል፣ ቀሚሱ በአንድ እጥበት ጸድቷል።

ኮላ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፣ ምክንያቱም የዕቃውን መጠን ሕግ ከሁሉም በላይ የሚያረጋግጠው እሱ ነው። ልጅ ኮላ የሚያስፈልገው ለመለጠፍ አይደለም፤ ጠርሙሱን ጨምቆ ሲፈስ ለማየት ነው። ነጭ ኮላ ብዙ ውሃ አለው። ስስ ወረቀት ላይ ሲበዛ ወረቀቱ ይጠጣና ይጨማደዳል፣ የተለጠፈው ሁሉ ይንሸራተታል፣ እስከ ማግስቱም አይደርቅም። ስለዚህ በውሃ ጠርሙስ ክዳን ላይ ትንሽ ጠብ አድርጉና ከጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጋር ስጡ። ሲያልቅ ሌላ ክዳን ይሞላል። ክዳን መሙላቱን ራሱ እንደ ጨዋታ ይወዱታል። መሠረቱ ስስ ወረቀት ሳይሆን የብስኩት ካርቶን ይሁን፤ አይጨማደድም። ልብስ የነካ ኮላ እርጥብ ሳለ በውሃ ይወጣል፣ ከደረቀ ግን ልብሱ ራሱ ካርቶን ይሆናል።

ኮላው ላይ ምን ይነሰነሳል ለሚለው፣ ብልጭልጭ አትግዙ። ይህ የግል አቋሜ ነው፣ ለድርድርም አልቀርብም። ብናኙ ቀላል ስለሆነ በመጥረጊያ ሲነካ ይነሳል፣ ቆዳና ጨርቅ ላይ ይጣበቃል፣ ከወራት በኋላ በከባድ ስብሰባ መሃል ቅንድባችሁ ላይ ይገኛል። በምትኩ ሩዝ ይቀለም፦ 1 ኩባያ ጥሬ ሩዝ፣ 1 የሻይ ማንኪያ አቼቶ፣ ከ5 እስከ 10 ጠብታ የምግብ ቀለም ፌስታል ውስጥ ገብቶ ይናወጣል። አቼቶው ቀለሙ በእኩል እንዲዳረስ ይረዳል። ከዚያ ትሪ ላይ ተነጥፎ ይደርቃል። ፌስታሉ ድርብ ይሁን፣ በደንብም ይቋጠር። እዚህ ላይ የእኛን አልነግራችሁም፤ ሶፋው ሥር አሁንም ሰማያዊ ሩዝ አለ።

ሩዝ፣ ባቄላ፣ ዶቃና ቁልፍ ለሚጠቀሙ ቀልድ የሌለበት ነገር አለ። በሶፍት ካርቶን ቀዳዳ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊያንቀው ይችላል፤ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካለ ዕቃው ጠረጴዛ ላይ አይቀርም። ትልልቆቹም ቢሆኑ አፍንጫቸው ውስጥ ምን እንደሚገባ ይመራመራሉ። ባቄላ በአፍንጫ እርጥበት ያብጣል፤ በወረንጦ ለማውጣት መሞከር ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ ነው።

መቀስ ላይ አጭር ነኝ። ጫፉ ደነዝ የሆነ የልጅ መቀስ፣ ግራ እጅ ለሚጠቀም ልጅ የግራ መቀስ። መጀመሪያ ወረቀት አይሰጥም፤ ሊጡ እንደ እባብ ተድቦልቡሎ ይቆረጣል። ከዚያ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወፍራም ወረቀት ሰቅ፣ በአንድ ቅንጥብ የሚበጠስ። አውራ ጣት ወደ ላይ። እና መቀሱ ከመሰጠቱ በፊት ፀጉር ወደ ኋላ ይታሰር። የልጁም፣ የአሻንጉሊቷም፣ ሶፋ ላይ የተኛው ሰውም።

መጨረሻ ላይ፣ ጉልበት ከቀረ፣ ስታርች በውሃ። 2 እጅ የበቆሎ ስታርች፣ 1 እጅ ውሃ፣ ውሃው ቀስ እየተባለ። በጡጫ ሲመቱት ይጠነክራል፣ መዳፍ ላይ ሲያሳርፉት ይፈስሳል። በፍጥነት ሲጫኑት የስታርቹ ቅንጣቶች መሃላቸው ያለው ውሃ ለመሸሽ ጊዜ ስለማያገኝ እርስ በርስ ይጨናነቃሉ፤ ቀስ ሲሉ ይንሸራተታሉ። ሲመቱት ካልጠነከረ ውሃ በዝቷልና አንድ ማንኪያ ስታርች፤ ከተፈረፈረ ጥቂት ጠብታ ውሃ።

«እስቲ ምንድነው እሱ?» ብላ እናቴ በኮከብ በተሞላ ቀሚሷ መጣች። አንድ ጣቷን አስገባች። ከዚያ መዳፏን። ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን እስከ አንጓ። ልጄ ሳህኑን ልትስብ ስትል «ቆይ፣ ሚሚዬ፣ አልጨረስኩም» ተባለች። ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ ከሰሰች፣ እኔ ግን እናቴን መቆጣት አልችልም። ሁለተኛ ሳህን አቀረብኩ።

ይህን ውህድ ሲንክ ውስጥ አትድፉ፤ ስታርቹ ቱቦው ውስጥ ይዘቅጥና ይዘጋዋል። ወለል ላይ የፈሰሰውንም በእርጥብ ጨርቅ አታሳዱዱት፣ ይስፋፋል። እስኪደርቅ ይተው፣ ዱቄት ሲሆን ይጠረግ። ሳህኑም እንዲሁ ያድርና ጠዋት በማንኪያ ተፈቅፍቆ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይገባል። ሁለቱንም ሳህን ማለቴ ነው፤ የእናቴን ለማስለቀቅ ግን ትንሽ ክርክር ነበር።