ጠቋሚው “ዝግ” ሲል ውኃው ግን መጣ

በቫልቭ አናት ላይ ያለው ቀስት የሚያሳየው ማርሹ የት እንደ ደረሰ ነው። ከታች በውኃው ውስጥ ያለው ሰሌዳ የት እንደ ቆመ ቀስቱ በቀጥታ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ዘንግ ብቻ ነው። ዘንጉ ከተጠመዘዘ ወይም ከሰሌዳው ከተላቀቀ፣ ቀስቱ እንደ ወትሮው ዞሮ “ዝግ” ላይ ይቆማል። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ጣና ዳር ባለ አንድ የፓምፕ ቤት፣ በዚህ የተነሣ አንድ የሥራ ባልደረባችን የእጁን አንጓ ተሰበረ። የጥገና ክፍሉ መሐንዲስ ስለነበርሁ ቫልቩን ፈትቶ ምክንያቱን የማግኘቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ።

የፓምፕ ቤቱ የሐይቁን ውኃ ስቦ ከፍታ ላይ ወዳለ ማጠራቀሚያ ይልካል። በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 30 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ፓምፖቹ በቆሙ ጊዜም ቱቦው ውስጥ ሦስት ባር የሚጠጋ ግፊት አለ። ከእያንዳንዱ ፓምፕ ቀጥሎ ውኃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ተተክሏል። ከእርሱ ቀጥሎ ደግሞ ለጥገና መስመሩን የሚዘጋ ባለ 250 ሚሊሜትር ባተርፍላይ ቫልቭ አለ፤ ክብ ሰሌዳው በ28 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ ተይዞ ሩብ ዙር ሲዞር መንገዱን ይዘጋል።

የጣና ውኃ በክረምት ሌላ ውኃ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከየደጋው የሸረሸሩትን አፈር ይዘው ይገባሉ። ሐይቁ ሰፊ ይሁን እንጂ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚወርድ፣ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ የተኛውን ደለል መልሶ ያማስለዋል። በዚያ ላይ የደንገል ቅርፊትና የእምቦጭ ሥር አለ። ወንፊቱ ትልቁን ይይዛል፤ ቀጭኑ ጭቃ ግን አልፎ ይሄድና ውኃው ዝም ባለበት ሁሉ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ሳይነካ የሚቆም የጥገና ቫልቭ ደግሞ ለጭቃ ምቹ ማረፊያ ነው።

ክረምቱ ወጥቶ ሐይቁ ሞልቶ ሳለ የአንዱ ፓምፕ የማገጃ ቫልቭ በደንብ አልገጥም አለ፤ ምላሱ ላይ የደንገል ቁራጭ ሳይነክስ አልቀረም። የጠዋቱ ፈረቃ ባተርፍላይ ቫልቩን በሞተር ዘጋ፤ መብራቱ በራ፤ ቀስቱም “ዝግ” ላይ ቆመ። ሠራተኞቹ ማፍሰሻውን ከፈቱ፤ ትንሽ ውኃ ወጣና ቆመ። ግፊቱ ያለቀ መሰላቸው። የማፍሰሻው ቀዳዳ በደለል ተደፍኖ ነበር።

የማገጃ ቫልቩ ክዳን 300 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት አለው። ሦስት ባር በዚያ ስፋት ላይ ሲያርፍ ከሁለት ቶን በላይ ግፊት ይሆናል። ግማሾቹ ብሎኖች እንደ ላሉ ክዳኑ በአንድ በኩል ተነሣ፤ የወጣው ውኃ መፍቻውን የያዘውን ልጅ ከፓምፑ መሠረት ጋር አጋጨው። የቀሩት ብሎኖች ክዳኑን ባይይዙት ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ታሪክ በሆነ ነበር። ጓደኞቹ ሮጠው በማጠራቀሚያው በኩል ያለውን ዋናውን ቫልቭ ዘጉ፤ ልጁም ሐኪም ቤት ተወሰደ። አንጓው ድኗል፤ ወደ ሥራውም ተመልሷል።

ባተርፍላይ ቫልቩን አውጥተን ቶርኖ ቤት ወሰድነው። የቶርኖ ቤቱን ኃላፊ ሁላችንም “ጋሼ” ነው የምንላቸው፤ ብረት ሲዳስሱ ታሪኩን የሚያነቡ ሰው ናቸው። ዘንጉን በጠረጴዛው ላይ አጋደሙና ላይኛውን ጫፍ፣ ማርሹ የሚይዝበትን ጠፍጣፋ ጎን፣ ከታች ካስማ ከሚያልፍበት ቀዳዳ ጋር አስተያዩ። ሁለቱ በአንድ መስመር መሆን ሲገባቸው ተዛንፈዋል። ዘንጉ ውስጥ ለውስጥ እንደ ጋቢ ተጠምዝዞ፣ ጉልበቱ ሲለቀው ወደ ቦታው አልተመለሰም። ሰሌዳውን ከዘንጉ የሚያያይዘው ባለ 10 ሚሊሜትር ካስማ ደግሞ በሁለቱም በኩል ተቆርጧል። ሰሌዳው በውኃው ውስጥ ግማሽ ክፍት እንደሆነ ቀርቶ፣ ዘንጉ ብቻውን ዞሮ ቀስቱን “ዝግ” ላይ አድርሶታል።

“ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም” አሉ ጋሼ። የካስማው ስብራት አንደኛው ጎን አሮጌና ጠቁሮ የወየበ ነበር፤ ሌላው ገና ያበራል።

ነገሩን ወደ ኋላ ተከተልነው። ቫልቩ መጀመሪያ የእጅ መዘውር ነበረው። ክረምት በመጣ ቁጥር እየከበደ ስላስቸገረ በኤሌክትሪክ ሞተር እንዲዞር ተወሰነ። በግዢው ወረቀት ላይ የሰፈረው የቱቦው ስፋት ብቻ ነው፤ የቫልቩ ዘንግ ስንት ቶርክ፣ ማለትም ስንት የመጠምዘዝ ጉልበት፣ ሊሸከም እንደሚችል የሚጠይቅ መስመር አልነበረበትም። የመጣው ሞተር እስከ 1,000 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ነው። የቫልቩ ሠሪ ወረቀት ከግምጃ ቤቱ ፋይል ሲገኝ፣ ቫልቩን ከተዘጋበት ለማላቀቅ የሚያስፈልገው 190 ኒውተን ሜትር፣ ዘንጉ ላይ ቢበዛ የሚፈቀደው ደግሞ 400 መሆኑን ይናገራል።

ሞተሩ የቶርክ ገደብ የሚሰጥበት ማስተካከያ አለው፤ ሲተከልም 400 ላይ ተደርጎ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ቫልቩ ከመዘጋቱ በፊት ሞተሩ ገደቡ ላይ ደርሶ ይቆም ጀመር። ማጠራቀሚያው እየጎደለ፣ ስልኩ እየጮኸ፣ አንዱ ፈረቃ ገደቡን ትንሽ ከፍ አደረገው። ሌላው ፈረቃ እንዲሁ አደረገ። በእነዚህ ሰዎች ላይ ስንፍናም ክፋትም አላየሁም። መሣሪያው ቆሞ እምቢ ሲል፣ እምቢታው ምን ማለት እንደሆነ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሞተሩ በቆመ ቁጥር ውስጡ ጭቃ እንዳለ፣ ሰሌዳው ሲዘጋ የሚገጥምበት ጎማ እንደ ደረቀ እየተናገረ ነበር። ማስተካከያውን ስናየው መጨረሻው ላይ ደርሷል።

አሁን ወደ ስሌቱ ልግባ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ክብ ዘንግ ሲጠመዘዝ በቆዳው ላይ የሚያርፈውን ጫና ለማግኘት ጉልበቱን በ16 አባዝተን፣ በፓይና በውፍረቱ ኩብ እናካፍላለን። 1,000 ኒውተን ሜትር በ28 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ ሲያርፍ በካሬ ሚሊሜትር 232 ኒውተን ይሆናል። ይህ ዘንግ የተሠራበት ተራ የማይዝግ ብረት ሲሳብ በ205 ገደማ ቅርጹን መልቀቅ ይጀምራል፤ ሲጠመዘዝ ግን ከዚያ ከግማሽ ጥቂት አልፎ፣ በ118 ገደማ። ስለዚህ ይህ ዘንግ 500 ኒውተን ሜትርን ትንሽ አለፍ ሲል መጠምዘዝ ይጀምራል፤ ሞተሩ ደግሞ የዚያን እጥፍ መስጠት ይችላል። ካስማው ላይ ያለው ሸክም ይብሳል፤ 1,000 ኒውተን ሜትር በእያንዳንዱ ጎኑ ከሦስት ተኩል ቶን በላይ ያሳርፍበታል።

ኩብ የሚለውን ቃል ሰው በቀላሉ ያልፈዋል። ዘንጉ ከ28 ወደ 25 ሚሊሜትር ቢቀጥን፣ ዓይን ብዙም የማይለየው ልዩነት ነው፤ ከጥንካሬው ግን ከሩብ በላይ ይሄዳል። በእጅ በሚሠሩ ቫልቮችም አደጋው ያው ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ዘንግ በቀጥታ በያዘ መፍቻ ላይ አንድ ሜትር ቱቦ ሰክቶ፣ በጫፉ ላይ ክብደቱን ሁሉ ቢጥል ወደ 690 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ማራዘሚያ ቱቦ በየፓምፕ ቤቱ ጥግ ተደግፎ አያለሁ፤ ባየሁት ቁጥርም እፈራለሁ።

ጋሼ የመጀመሪያ ሐሳባቸው ዘንጉን ማወፈር ነበር። “32 አድርጌ ልሥራው፤ ከከባድ መኪና የኋላ ዘንግ የቀረ ጠንካራ ብረት አለኝ።” 32 ቢሆን ጥንካሬው በግማሽ ያህል እንደሚጨምር ነገርኳቸው፤ ብረቱ ግን በውኃ ውስጥ ይዝጋል፣ ካስማውም ያው የድሮው ነው። “ካስማውንም ላወፍረዋ!” አሉ። ካስማው ሲወፍር ቀዳዳው ይሰፋል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ዘንጉ ከሁሉ ቀጭን በሆነበት ቦታ ይሳሳል። ጥቂት ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ የጠየቁት ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬን የምመራበት ሆኗል፤ “እንግዲህ ልጄ፣ መሰበር ካልቀረለት የት ይሰበር?”

ቫልቭ የሚነድፉ ሰዎች ይህን ጥያቄ ከጠየቁት ቆይተዋል። የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም (ኤፒአይ) ለነዳጅ ሥራ ባወጣው፣ ኤፒአይ 600 በሚባለው የጌት ቫልቭ (መዝጊያው ከፍና ዝቅ የሚል ቫልቭ) ደረጃ፣ በቫልቩ አካል ውስጥ ያለው የዘንጉ ክፍልና ከመዝጊያው ጋር የሚያያዝበት ቦታ ከውጭው ጥርስ ሥር ይልቅ ጠንካራ እንዲሆኑ ይጠየቃል። ጉልበት ከበዛ ስብራቱ ሰው በሚያየው፣ ውኃም ሆነ ጋዝ በማይወጣበት ቦታ ይሁን ማለት ነው። የቧንቧ መስመር ቫልቮችን የሚመለከተው ኤፒአይ 6ዲ ደግሞ ጉልበቱን የሚያስተላልፉት ክፍሎች ሁሉ፣ ቫልቩን ለማላቀቅ ከሚያስፈልገው ቢያንስ እጥፍ እንዲችሉ ሆነው ይሰሉ ይላል። የእኛ ቫልቭ 190 ጠይቆ 400 ስለሚችል ይህን ያሟላ ነበር። ንድፉ አልበደለንም። ከላዩ የተጫነው ሞተር ግን ንድፉ የማያውቀው ነበር።

ስለዚህ ዘንጉን በዚያው ውፍረትና በዚያው ዓይነት ብረት አሠራነው። ሞተሩንና ዘንጉን በሚያገናኘው መጋጠሚያ ላይ፣ ከቫልቩ ውጭ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚቆረጥ የናስ ካስማ እንዲገባ አደረግን። እዚህ ላይ የጋሼ እጅ ታየ። ናስ ከገበያ ሲገዛ ዓይነቱ በውል ስለማይታወቅ ስሌቱን ብቻ ማመን አልፈለጉም። የካስማውን አንገት በቶርኖ ጥቂት በጥቂት እየቀነሱ፣ ከከባድ መኪና ጋራዥ በተዋስነው የቶርክ መፍቻ እየቆረጡ ፈተኑት። አንገቱ ከ7 ሚሊሜትር ጥቂት ሲያንስ በ440 አካባቢ መቆረጥ ጀመረ፤ ይህ ከሚፈቀደው 400 ጥቂት ቢያልፍም፣ ዘንጉ መጠምዘዝ ከሚጀምርበት በታች ነው። የሞተሩን ገደብ 350 ላይ አድርገን በእርሳስ ማኅተም አሸግነው። ሞተር ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላም በዞረበት ግስጋሴ ትንሽ ስለሚገፋ፣ በ350ና በ400 መካከል ያለው ክፍተት ያስፈልጋል።

የናስ ካስማ ብቻውን ግን አይበቃም። ካስማው ሲቆረጥ ሞተሩ መዞሩን ስለሚቀጥል፣ ቀስቱ በሞተሩ አናት ላይ ከቀረ እንደ ገና ይዋሻል። ስለዚህ ቀስቱን ከሞተሩ ላይ አንሥተን፣ ከመጋጠሚያው በታች በራሱ በዘንጉ ላይ አሰርነው። እርሱም ቢሆን ከዘንጉ በታች ያለውን አያይምና፣ በሁለቱ ቫልቮች መካከል የግፊት መለኪያ ተተከለ። ማፍሰሻውም ቀጭን ሽቦ አስገብቶ መጥረግ እንዲቻል በሰፊ ተለወጠ። ክዳን ከመላላቱ በፊት መለኪያው ዜሮ ላይ መሆን አለበት፤ ማፍሰሻውም ተጠርጎ ውኃው ሲያቆም መታየት አለበት።

ጎማውንስ? ሲወጣ ጠርዙ ደርቆ፣ ከሥሩ ደለሉ እንደ ሸክላ ተጋግሮ ነበር። አዲስ ጎማ ገብቶ፣ አካሉ ታጥቦ ሲለካ ቫልቩ ከ200 ባነሰ ጉልበት ተላቀቀ። ያ ሁሉ ተጨማሪ ጉልበት የተፈለገው ጭቃን ለመግፋት ነበር። አሁን እነዚህ ቫልቮች በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ተዘግተው ይከፈታሉ፤ ፓምፕ ሲቀያየር የሚደረግ ስለሆነ ሥራ አያስተጓጉልም።

ገደቡን ከፍ ካደረጉት አንዱ የነበረው የኤሌክትሪክ ባለሙያ የናሱ ካስማ ሲፈተን ከጋሼ ጎን ቆሞ ያይ ነበር። የሌሎቹን ቫልቮች ዘንግ በካሊፐር እየለካ መዝገብ የጀመረው እርሱ ነው። ወረቀቱ የጠፋ አንድ ቫልቭ ስላገኘ ለአቅራቢው የሚላከውን ደብዳቤ ራሱ አረቀቀው፤ ለመክፈት የሚበቃውን ጉልበት ብቻ ጽፈው እንዳይመልሱ፣ ዘንጉ ቢበዛ የሚችለውን ቶርክ፣ የተሠራበትን ብረትና ጉልበት ቢበዛ ከየት እንደሚሰበር ለይተው እንዲገልጹ ጠይቋል። መልሱ እስኪመጣ ያ ቫልቭ በእጅ መዘውሩ ይሠራል።